ስምንቱን እኩል ያደረግሁበት ወረቀት

በመሥሪያ ቤታችን «ሽማግሌው አይዋሽም» ይባል ነበር። ሽማግሌው እኔ ነኝ። አንዱ አላረፈድኩም ብሎ ሲከራከር፣ አንዷ ቁልፉ እኔ ጋ የለም ስትል፣ «እሱን ጠይቁት» ይሉና ወደ ወንበሬ ይመጣሉ። ያየሁትን እናገራለሁ፤ ክርክሩም እዚያው ያልቃል። ይህ ነገር ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ከደመወዜ ይልቅ እሱን ነበር የምወደው።

ቤቱ ዲላ ነው። ያረጁ መዝገቦችንና የመሬት ካርታዎችን በስካነር እያነሱ የሚያስቀምጡበት መሥሪያ ቤት ነው፤ ስሙን አልጠራም። እኔ የማሽን ክፍሉ ዘበኛ ነኝ። ካርታው ሁሉ የሚቀመጥበት ትልቅ ማሽን፣ ሰርቨር የሚሉት፣ ከመስታወት በር ወዲያ ቆሟል፤ እኔ ከበሩ ወዲህ እቀመጣለሁ። ሠራተኞቹ በየጠረጴዛቸው ካለው ኮምፒውተር ሆነው በኬብል ካርታ ይልኩበታል፣ ካርታ ይጠሩበታል።

ነገሩ የጀመረው የድሮው ቀጭን መስመር ተነቅሎ አዲስ ፈጣን መስመር ሲዘረጋ ነው። የዘረጋው የቤቱ ቴክኒሽያን ነበር፤ የወናጎ ሰው፣ አርባውን ያለፈ፣ ሦስት ልጆች ያሉት፣ በኮንትራት የሚሠራ። ከእኔ ጋር በጌዴኦኛ ነው የምንጫወተው። ጠዋት ሲገባ አንድ ሙዝ ጠረጴዛዬ ላይ ሳያስቀምጥ አያልፍም። ጣራው ሥር በሆዱ እየተሳበ ያን ኬብል ሲጎትት መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ።

መስመሩ ሲፈጥን ሥራውም ይፈጥናል ብለን ጠበቅን። የሆነው ግን ሌላ ነው። ጠዋት ደህና ይነሳል፤ ረፋድ ላይ ስካነሮቹ ሁሉ ሥራ ሲጀምሩ ጭቃ እንደያዘው መኪና ይሆናል። አንድ ካርታ እስኪከፈት ሰው ወጥቶ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። ከየቀበሌው የመጡ ገበሬዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረው «ሲስተም የለም» ይባላሉ። ከቡሌ የሚመጣ እኔን የሚያክል ሽማግሌ ነበር፤ በውርስ ተከራክሮ የአባቱን ይዞታ ካርታ ነው የሚፈልገው። «ይሄ ሲስተም የምትሉት ሰውዬ መቼ ነው ቢሮ የሚገባው?» ይለኝ ነበር።

ኃላፊው ጥፋቱን ኬብሉ ላይ አደረገ። ቴክኒሽያኑ አልተቀበለም።

«ኬብሉን ፈትሼዋለሁ፤ ግማሹም አልሞላም» አለ። «የሚመጣውን የሚቀበለው ማሽኑ ጋ ነው የሚታነቀው።»

«የራስህን ኬብል ራስህ ፈትሸህ ራስህ ማርክ ሰጠህ» አለው ኃላፊው።

ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። የቀጠለው ግን የሚያስቅ አልነበረም። «ከአዲስ አበባ ባለሙያ ትመጣለች። ጥፋቱ ከኬብሉ መሆኑ ከታወቀ ውልህ አይታደስም። ሁላችሁም ስሙ» አለ።

ባለሙያዋ ቅዳሜ ደረሰች። መነጽር ያደረገች፣ ቀጭን፣ ወሬ የማትወድ ሴት ናት። ቢሮው ባዶ ስለነበረ ማሽኑ አልተጨነቀም፤ ቢሆንም መረመረችው። ዲስኮቹን አየችና «እነዚህስ የሚያስቀምጡት አጥተው ሥራ ፈትተዋል» አለች። የቀረው ኬብሉና ፕሮሰሰሩ ነው። ፕሮሰሰር ማለት የማሽኑ አንጎል ነው፤ የእኛው ማሽን ስምንት አለው። እነሱ ኮር ይሉታል።

«ስምንት ሠራተኛ ይበሏቸው፣ አባባ» አለችኝ። «በሥራ ሰዓት እያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚሠራ ማወቅ አለብኝ። ከመምጣቴ በፊት ከአዲስ አበባ ሆኜ ማሽኑ ራሱን እንዲመዘግብ አድርጌ ነበር፤ በተጨናነቀ ቁጥር መዝገቡም አብሮ ይቆማል።»

እሷ ደግሞ ሰኞ ይርጋጨፌ ላለው ቅርንጫፍ ሦስት ቀን ትፈለጋለች። ቴክኒሽያኑ «እኔ እመዘግባለሁ» አለ። ኃላፊው «የተከሳሽ እጅ አይገባበትም» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ሽማግሌው ይጻፍ። እሱ አይዋሽም።»

ሴትየዋ «ቁጥር ያነባሉ አባባ?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ዘበኛ ስለሆንኩ የማላነብ መሰለሽ?» አልኳት።

ይህን ያልኩት በእልህ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው። ቁጥር አውቃለሁ፤ ሠንጠረዥ የሚባል ነገር ግን ያስፈራኛል፣ ዓይኔም ደክሟል። ይህን ብነግራት ምን ነበረበት? አልነገርኳትም። ወረቀት ላይ ስምንት ዓምድ አሰመረችልኝ። ስክሪኑ ላይ ስምንት መስመር አለ፤ ኮሩ ሲሠራ መስመሩ ይረዝማል፣ መጨረሻው ላይ ቁጥር ይወጣል። መቶ ማለት ሙሉ ነው፣ ዜሮ ማለት ተኝቷል ማለት ነው።

«በየግማሽ ሰዓቱ ያዩትን ብቻ» አለችኝ። «ሌላ ምንም አይጨምሩ።»

ሰኞ ረፋድ ስክሪኑን አየሁ። የመጀመሪያው መስመር እስከ ጥግ ቀልቷል፤ መቶ። ሁለተኛው ዜሮ። ሦስተኛው አንድ። አራተኛው ዜሮ። እስከ ስምንተኛው ድረስ እንዲሁ ነው። እንዳየሁት ጻፍኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላም ያው። ሦስተኛም ጊዜ ያው።

ወረቀቱን ራቅ አድርጌ አየሁት። አንዱ መቶ፣ ሰባቱ ምንም። ይህን ሳስረክብ ምን ይሉኛል አልኩ። ሽማግሌው ማንበብ አይችልም፣ አንዱን ቁጥር ብቻ ለይቶ ሌላውን በዜሮ ሞልቶ መጣ ይሉኛል። ስምንት ሠራተኛ ባለበት ቤት አንዱ ብቻ ሲሠራ የሚውልበት ሥርዓት እንዴት ይኖራል?

ሌላም ነገር ነበረኝ፤ እሱ የቆየ ነው። ጎልማሳ ሳለሁ ዱመርሶ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ ካቦ ነበርኩ። አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና የሚያገላብጡና የሚለቅሙ ስምንት ሴቶች ከሥሬ ነበሩ። አለቃው በየቀኑ «እንዴት ዋሉ?» ይለኛል፤ እኔም «ስምንቱም እኩል» እላለሁ። የሰነፈውን ማሳጣት ነውር ነው ብዬ ነበር የማምነው። ካቦ ማለት የሚያስተካክል ሰው ነው፤ የአንዱን ትርፍ ወስዶ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። በዚህ ተመስግኜ ነው የኖርኩት።

እናም አስተካከልኩ። ከኪሴ የሽምብራ ቆሎ አወጣሁ። መቶ ፍሬ ቆጥሬ ጠረጴዛዬ ላይ ስምንት ቦታ ከፈልኩት። ለእያንዳንዱ አሥራ ሁለት ደረሰ፤ አራት ፍሬ ተረፈ። አራቱን ለአራቱ ጨመርኩ። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት። አዲስ ወረቀት ላይ ራሴ ዓምዱን አሰመርኩና ጻፍኩት። አማረ። አሮጌውን ወረቀት ቀደድኩ፤ ቆሎውን በላሁት።

ከዚያ በኋላ ስክሪኑን ማየትም ተውኩ። ሰው እንዳይጠረጥር የአሥራ ሦስቶቹን ቦታ እየለዋወጥኩ ሦስት ቀን ሙሉ ጻፍኩ።

ባለሙያዋ ረቡዕ ከይርጋጨፌ ስትመለስ ስካነሮቹ ቆመው፣ ሰዉም ወደ ቤቱ ሊወጣ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ አዲስ አበባ ትፈለጋለች። ወረቀቱን ይዛ ቆመች፣ በጣቷ አንድ በአንድ ወረደች።

«ፕሮሰሰሩ አልተጨናነቀም» አለች። «ሁሉም ከአሥራ ሦስት አይበልጥም። እንዲያውም እያረፈ ነው።»

«የቀረው ኬብሉ ነዋ» አለ ኃላፊው።

«በዚህ ወረቀት መሠረት አዎ። ግን ኬብሉ...»

«በቃ። አልኩ እኮ።»

ቴክኒሽያኑ ወረቀቱን ከእጇ ተቀበለ። ብዙ አየው። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ከዚያ በጌዴኦኛ ጠየቀኝ። ከኃላፊውም ከባለሙያዋም ጌዴኦኛ የሚሰማ አልነበረም፤ አስቦበት ነው።

«አባባ፣ ያየኸውን ነው የጻፍከው? እንዲህ እኩል የሚሠራ ማሽን አይቼ አላውቅም። ተሳስተህ ከሆነ ንገረኝ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ፤ ማንም አያውቅብህም።»

በር ከፈተልኝ። እኔ ብቻ የማልፍበት በር። ሊጠፋ ያለው የእሱ እንጀራ ነው፣ የሚያስበው ግን ስለ እኔ ውርደት ነበር። እኔ ምን አደረግሁ? ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ በአማርኛ መለስኩለት።

«ያየሁትን ነው የጻፍኩት። እኔ አልዋሽም።»

ወረቀቱን ለሴትየዋ መለሰላት፤ ስክሩድራይቨሩን ከጠረጴዛው አንስቶ ኪሱ ከተተ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የእኔ ወለምታ እንኳ አልነበረም፤ አስቤ ያልኩት ነው።

ውሉ በወሩ መጨረሻ አበቃ፤ አልታደሰም። ፍስሐ ገነት ከተማ የሚስቱ ወንድም የሞባይል መጠገኛ ሱቅ አለው፤ እዚያ ሄደ ተባለ። እኛ ጋ ሌሎች ሰዎች መጡና የእሱን ኬብል ከጣራው ሥር እየመነጨቁ አወረዱት። አዲስ ጎተቱ። መሰላሉን እንድይዝላቸው ጠሩኝ፤ ወገቤን አሞኛል አልኩ።

አዲሱ ኬብል በተገናኘ ማግሥት፣ ረፋድ ላይ፣ ማሽኑ እንደ ድሮው ቆመ። የቡሌው ሽማግሌ አግዳሚው ላይ ነበር። «ሰውዬው ዛሬም አልገባም?» አለኝ። ተነስቼ የመስታወቱን በር ከፍቼ ገባሁና ስክሪኑ ፊት ቆምኩ። የመጀመሪያው መስመር መቶ። ሰባቱ ተኝተዋል። ከዚያች ሰኞ ጀምሮ አንድም ቀን አልተለወጠም። አንዱ ብቻውን ሲለፋ ነው የከረመው።

ዱመርሶ ከሥሬ የነበረች አንዲት ሴት ያኔ ትዝ አለችኝ። ከስምንቱ አንዷ ናት፤ የሦስት ሰው ሥራ ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ከአልጋው ዞር ብላ «የእኔ ድካም አንተ አፍ ላይ ሲደርስ የሁሉም ይሆናል» አለችኝና ሄደች፤ አልተመለሰችም። ጥጋበኛ ናት ብዬ ስንት ጊዜ አምቻታለሁ። ስሟን እንኳ አላስታውሰውም።

ባለሙያዋ እንደገና ተጠራች። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ በሩ ላይ ጠበቅኋት።

«ልጄ፣ የመጀመሪያው መስመር ሁልጊዜ ሙሉ ነው። የቀሩት አይሠሩም» አልኳት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ወረቀቱ የእኔ ፈጠራ ነው። መቶውን ለስምንት አካፍዬ ነው የጻፍኩት።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ መነጽሯን አወለቀች፣ በሻርፗ ጠረገች።

«ድምሩ ልክ ነው፣ አባባ» አለች። «ውሸቱ ክፍፍሉ ላይ ነው።» ቀጥላም «እኔም ራሴ ሳላይ መፈረም አልነበረብኝም» አለች። ይህን ያለችው እኔን ለማጽናናት አልነበረም። ለራሷ ነው የተናገረችው።

ከዚያ ገብታ ሠራች፤ እኔም ቆሜ አየሁ። ከኔትወርኩ የሚመጣውን ሁሉ ተቀብሎ ለማሽኑ የሚያስረክብ ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም አለ። መጀመሪያ ሲጫን ሁሉን ለአንደኛው ኮር እንዲያስረክብ ተደርጎ ቀርቷል። መስመሩ ቀጭን ሳለ አንዱ ይበቃ ነበር። መንገዱ ሲሰፋ የሚመጣው በዛ፤ በሩ ላይ ያለው ተቀባይ ግን ያው አንዱ ነው። ሰባቱ ተቀምጠው የሚጠብቁት እሱ እስኪያቀብላቸው ነበር። «ጠቅላላውን ብቻ ያየ ሰው ማሽኑ አርፏል ይላል» አለችኝ። «አንድ በአንድ ያየ ነው የሚያውቀው።»

ወረፋውን ለስምንት ከፈለችው፤ ለእያንዳንዱ ኮር የራሱን ወረፋ ሰጠችው። ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ አልፈጀባትም። ስክሪኑ ላይ የመጀመሪያው መስመር ወረደ፤ ሰባቱ ተነሱ። ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ። እኩል ለእኩል። ያ ማሽን አሁን የእኔን የውሸት ወረቀት መሰለ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ከውጭ ሰው «ተከፈተ፣ ተከፈተ» ሲል ሰማሁ፤ የቡሌው ሽማግሌ ካርታውን ይዞ ወጣ። ሲያልፍ እጄን ጨበጠኝ። ያመሰገነኝ እኔን ነው።

እሑድ ፍስሐ ገነት ሄድኩ። በወናጎ አልፌ ይርጋጨፌ ላይ መኪና ቀየርኩ። ቴክኒሽያኑን በሩ ጠባብ የሆነ ሱቅ ውስጥ አገኘሁት፤ የተፈታ ሞባይል ላይ አጎንብሷል። አየኝ፤ በርጩማ በእግሩ ወደ እኔ ገፋ።

«ማሽኑ ተሠራ?» አለኝ በጌዴኦኛ።

«ተሠራ። አንዱ ብቻ ነበር የሚሠራው።»

«አውቄ ነበር።»

«ካወቅህ ለምን አልጮህክም?»

ሳቀ። ጥሩ ሳቅ አልነበረም። «አንተ እኮ የታመንክ ሰው ነህ። አንተ አዎ ካልክ በኋላ እኔ ብጮህ ማን ይሰማኛል? የራሱን ጥፋት ሊሸፍን ይጮሃል ይሉኛል።»

«ይቅርታ ልልህ ነው የመጣሁት።»

«እዚህ? ለእኔ?» መፍቻውን አስቀመጠ። «እዚህ በእኔና በአንተ መካከል የሚቀር ሚስጥር አይሠራም፣ ሽማግሌ። ‹አልዋሽም› ያልከው በአማርኛ ነው። ይቅርታውንም በአማርኛ፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰው ፊት በለው።»

መፍቻውን መልሶ አነሳ። ተነስቼ ወጣሁ። ማለዳ ከቤት ስወጣ ያሰብኩት ምን እንደነበር አሁን እነግራችኋለሁ፤ እዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ተናግሬ፣ ይቅር ተብዬ፣ ቀልሎኝ ልመለስ ነበር።

ሰኞ ኃላፊው ቢሮ ገብቼ ሠራተኛውን እንዲሰበስብልኝ ለመንኩት። «ይተዉት አባባ፣ ያለፈ ነገር ነው» አለኝ። «እርስዎም ጡረታዎ ቀርቧል፤ ራስዎን ለምን ያስጠይቃሉ?» ደረቅ ሰው ነህ እያሉ ዕድሜዬን ሙሉ ሰድበውኛል፤ ለአንድ ቀን እንኳ ይጥቀመኝ አልኩ። ቢሮው በር ላይ ከገበሬዎቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፤ ጠዋት ጠዋት፣ ሦስት ቀን። በአራተኛው ቀን ሠራተኛውን ሰበሰበ። ውሸቴንና ይቅርታዬን በእጄ የጻፍኩበትን ወረቀት በአማርኛ አነበብኩ። አንብቤ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ አንዳንዱን ፊደል ራሴ የጻፍኩትን መለየት አቃተኝ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ቴክኒሽያኑን መልሰው ቀጠሩት። ይህ ሲሆን ሁለት ወር አልፎ ነበር፤ በመካከሉ ትልቋን ልጁን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ወናጎ ዘመድ ቤት እንዳስቀመጣት ከሌላ ሰው ሰማሁ። ጠዋት ሲገባ ሰላም ይለኛል፤ በአማርኛ ነው። ሙዝ አያስቀምጥም።

ያን የውሸት ወረቀት ከፋይል አውጥቶ ያዘው፤ ልቀደው ብዬ እንዲሰጠኝ ለመንኩት። «አይቀደድም» አለኝ። በላስቲክ ሸፍኖ የማሽኑ ካቢኔ በር ውስጥ ለጠፈው። አዲስ ሠራተኞች ሲመጡ ካቢኔውን ይከፍትና ያሳያቸዋል። «እዩ፣ ማሽኑ በአንድ እግሩ ቆሞ እየሞተ ነው፤ ወረቀቱ ግን አርፏል ይላል። ጠቅላላውን አትመኑ፣ አንድ በአንድ እዩ» ይላቸዋል። በመጀመሪያው ጊዜ አንዱ እየሳቀ «ማነው ይሄን የጻፈው?» አለ። ቴክኒሽያኑ ወደ እኔ አልዞረም። «አንድ የታመነ ሰው ነው» ብሎ አለፈው። እኔም ከወንበሬ አልተነሳሁም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሁለት አዳዲስ ልጆች መጡ። ካቢኔው ተከፈተ፤ ወረቀቱ ታየ። አንደኛዋ «ማነው የጻፈው?» ስትል ከወንበሬ ተነሳሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ በአማርኛ።

ልጅቷ አፈረች፤ መሬት መሬት አየች። ቴክኒሽያኑ ካቢኔውን ዘጋና «እሺ፣ ወደ ኬብሉ እንለፍ» አላቸው። መሰላል ያስፈልግ ነበር። የሚይዝለት ሰው ዞር ዞር ብሎ ፈለገ፤ እኔ ሄጄ ያዝኩት። ያዝ አላለኝም፣ ልቀቅም አላለኝም። ወጣ።